8ኛ ክፍል 2ኛ፣ 9ኛ ክፍል 41ኛ፦ እህትህ አልሰነፈችም

ጥያቄው፦ «እህቴ 15 ዓመቷ ነው። ያደገችው ገጠር ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ከ3ኛ ወርዳ አታውቅም፤ ክልላዊ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፈችው። ዘንድሮ 9ኛን ለመማር ወረዳ ከተማ ወጥታ ከሁለት የሰፈራችን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታለች። ዓርብ ዓርብ የ3 ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ ስንቅ ታመጣለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርዷ መጣ። ከ63 ተማሪ 41ኛ! አማርኛ 84፣ ሒሳብ 61፣ ፊዚክስ 52፣ ዜግነት 51፣ ኬሚስትሪ 50፣ እንግሊዝኛ 49፣ ጂኦግራፊ 46፣ ኢኮኖሚክስ 44፣ ባዮሎጂ 43፣ ታሪክ 41። አባታችን ‹ከተማ አበላሻት፣ ትመለስ› ይላል። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። አስጠኚ ልቅጠርላት ወይስ ወደ እኔ ላምጣት? ስደውልላት ‹ደህና ነኝ› ብቻ ነው የምትለኝ።»

ወደ አዲስ አበባ አታምጣት። ወደ ገጠርም እንዳትመልሷት። ባለችበት ትቆይ። አስጠኚውንም ለጊዜው ተወው፤ ገንዘቡ የተሻለ የሚሠራበት ቦታ አለ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ከካርዱ ልጀምር፤ ምክንያቱም አባትህም አንተም ያያችሁት ደረጃውን ብቻ ነው።

ደረጃ ማን ከማን እንደበለጠ ይናገራል። ልጅቷ ምን እንዳቃታት አይናገርም። ገጠር ትምህርት ቤት 2ኛ ስትወጣ የምትወዳደረው ከሰፈሯ ልጆች ጋር ነበር። አሁን አብረዋት የተቀመጡት ልጆች በሙሉ 8ኛን ያለፉ ናቸው። ከየቀበሌው ነው የተሰበሰቡት። ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ጎበዝ ሲባሉ የኖሩ ናቸው። ሁሉም አንድ ክፍል ሲገቡ አንዱ 1ኛ፣ አንዱ ደግሞ 63ኛ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ 2ኛንና 41ኛን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ይሄን ያህል ወረደች» ማለት ስህተት ነው።

አሁን ነጠላ ውጤቶቹን እይ። ሒሳብ 61፣ ታሪክ 41። ሰነፍ ተማሪ እንዲህ ዓይነት ካርድ አያመጣም። ያላጠና ልጅ መጀመሪያ የሚወድቀው ሒሳብ ላይ ነው፤ ታሪክን እየሸመደደም ቢሆን ያልፈዋል። የእህትህ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥር ባለበት ትምህርት ትሻላለች። ብዙ ማንበብ በሚጠይቀው ትወድቃለች። አማርኛ ላይ ግን 84 አላት፤ ማንበብም መረዳትም ትችላለች ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሳያቸው የሚታየኝ አንድ ምክንያት ነው። ትምህርቱ አልከበዳትም፤ የከበዳት ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ ነው።

9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ነገር ብዙ ነው። 7ኛ እና 8ኛ እያለች «ጄኔራል ሳይንስ» የሚባል አንድ መጽሐፍ ነበራት። አሁን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ሆኗል። «ማኅበራዊ ጥናት» የነበረው ታሪክና ጂኦግራፊ ሆኖ ተከፍሏል፤ ኢኮኖሚክስም ተጨምሯል። ለእያንዳንዱ ሌላ መምህር ይገባል። የድሮ መምህሯ ፊቷን አይቶ «አልገባሽም አይደል?» ይላት ነበር። አሁን የሚያስተምራት ሰው በሳምንት ብዙ መቶ ልጅ ያያል፤ ስሟን ላያውቀው ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ ከአማርኛ በቀር መጽሐፉም፣ ኖቱም፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ገጠር እያለች እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር። አሁን የሁሉም ትምህርት በር ሆነ።

ተማሪና ቤተሰብ በማማክርበት ሥራዬ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዷን ልጅ ልንገርህ። ባዮሎጂ ደጋግማ ስለወደቀች መምህሯ ወደ እኔ ላካት። መጽሐፏን ከፍታ አንድ አንቀጽ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ስለ ዲፊውዥን ነው። ጥርት አድርጋ አነበበችው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። «ምን ይላል?» አልኳት። ዝም አለች። ጣቷ መጨረሻው መስመር ላይ እንዳለ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁትና «እናትሽ ጓዳ ዕጣን ስታጨስ በር ላይ ሆነሽ ይሸትሻል?» አልኳት። «አዎ።» «ለምን?» ትንሽ አሰበች። «ከበዛበት ወደሌለበት ይሄዳላ» አለች። ዲፊውዥን ማለት ይኸው ነው አልኳት። «ይሄ ብቻ ነው?» ብላ መጽሐፉን መልሳ ከፈተችው። ያን አንቀጽ ለፈተና ሙሉውን በቃሏ ይዛው ነበር። ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ ሲመጣ ግን የያዘችው አልጠቀማትም።

እህትህም ይህን እያደረገች ይመስለኛል። ከሰሌዳ ኖት ትገለብጣለች፣ ማታ ትሸመድዳለች፣ ጠዋት ትረሳለች። ጊዜዋን አላባከነችም። ምናልባት ከ8ኛ ክፍል ይልቅ አሁን ብዙ እያጠናች ነው። «ደህና ነኝ» የምትልህም ለዚህ ይሆናል። ስትለፋ ከርማ ውጤቱ እምቢ ሲላት ለወንድሟ ምን ትበል? «ከተማ አበላሻት» የሚለውን ብትሰማ ደግሞ ከነጭራሹ ትዘጋለች።

ቋንቋው ላይ ከመሄዳችን በፊት ግን በአንድ ሳምንት የሚጣሩ ሌሎች ነገሮች አሉ። እነሱን ሳታጣራ ወደ እንግሊዝኛ አትሩጥ። አንደኛው ዓይኗ ነው። 63 ልጅ ባለበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰሌዳው ላይታያት ይችላል። «የት ነው የምትቀመጪው? የሰሌዳው ጽሑፍ ይታይሻል?» ብለህ ጠይቃት። ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ነው የምትገለብጠው ከሆነ መልሱ ይኸው ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። ሁለተኛው የወር አበባ ነው። በወር 3 እና 4 ቀን ከክፍል የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ ለማንም አይናገሩም። አንተ ለመጠየቅ ካፈርክ እናትህ ወይም አክስትህ ትጠይቃት። ገንዘብ ስትልክ የሞዴሱን ለይተህ ላክ።

ሦስተኛው የስንቁ ጉዞ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዓርብ 3 ሰዓት መሄድ፣ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሥራ ማገዝና ስንቅ ማዘጋጀት፣ እሁድ ተሸክሞ 3 ሰዓት መመለስ። ሰኞ ጠዋት ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች እንጂ አትማርም። የ9ኛ ክፍል መምህራንን «ሰኞ 1ኛ ፔሬድ ማን ይተኛል?» ብለህ ብትጠይቃቸው ስንቅ ያመጡትን ልጆች ነው የሚቆጥሩልህ። ቅዳሜና እሁድ ለትምህርቷ የቀሯት ሁለት ነፃ ቀናት ናቸው፤ ሁለቱም በመንገድና በቤት ሥራ ያልቃሉ። ጉዞው በየ15 ቀኑ ይሁን። ሦስቱ ልጆች ተራ ይግቡ፤ የአንዷ ቤተሰብ የሁሉንም ይላክ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ቆሎ 15 ቀን ይቆያሉ። አባትህ ገበያ ሲወጣ ይዞላት ሊመጣም ይችላል። ለአስጠኚ ያሰብከውን ገንዘብ መጀመሪያ የምታውለው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት የምታተርፈው አንድ ሙሉ ቀን የትኛውም አስጠኚ የማይሰጣት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅከው ልመለስ። አዲስ አበባ ማምጣት ለምን አይሆንም? በአዲስ አበባ ብዙዎቹ ልጆች ከ7ኛ ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። አሁን ያሉት የክፍሏ ልጆች በ1 ሴሚስተር የቀደሟት መስሏት ደንግጣለች፤ የአዲስ አበባዎቹ ግን በ2 ዓመት ይቀድሟታል። በዓመቱ መሀል መሸኛ አውጥቶ ትምህርት ቤት መቀየር ራሱ ሳምንታት ይበላል። ያወቀቻቸውን መምህራንና ጓደኞች ታጣለች። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ አንተ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ነህ። ከዘመድ ቤት ብታስቀምጣት ቤቱን የምትሠራው እሷ ትሆናለች። ከዓመታት በፊት አንድን ተማሪ በመሀል ዓመት ወደ ትልቅ ከተማ እንዲዘዋወር ለቤተሰቡ መክሬ ነበር። እዚያም አልለመደም፣ የተወውም ተዘጋበት፤ ዓመቱ ከሰረ። ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በመሀል ዓመት «አዛውሩ» የምለው ልጁ አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ወደ ገጠር መመለስ ደግሞ «ትንሽ ትረፍ» ተብሎ ይጀመርና እዚያው ይቀራል። የ15 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሚመጣውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሽማግሌ ነው የሚላከው። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ በሕግ ክልክል ነው። ግን ልጅቷን ከሕጉ ይበልጥ የሚጠብቃት ትምህርት ቤት መሆኗ ነው።

አስጠኚን አልጠላም። የብዙ አስጠኚዎች ችግር ግን ይሄ ነው፤ መጽሐፉን ራሳቸው አንብበው በአማርኛ ያስረዷታል። ይገባታል፣ ደስ ይላታል፤ ፈተናው ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ንባቡን እሱ አነበበላት እንጂ እሷ አልለመደችውም። በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ ከዚያው አካባቢ የወጣች የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ሴት ተማሪ ፈልግላት። በሳምንት ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጣ ትስማት። እህትህ ታንብብ፣ ልጅቷ ትስማ። ሚናቸው እንዳይገለባበጥ አደራ።

ታዲያ ምን ታድርግ? በየማታው 30 ደቂቃ፣ አንድ ገጽ። ከዚህ አይብዛ። ሁለት ትምህርት ብቻ ትያዝ፤ ባዮሎጂና ታሪክ። የወደቀችባቸው ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ባዮሎጂን ከገጠር ኑሮዋ ታውቀዋለች፤ ዘር፣ ከብት፣ በሽታ፣ አፈር። ታሪክ ደግሞ ታሪክ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ስለዚህ የማታውቀውን ቃል ከምታውቀው ነገር ተነስታ መገመት ትችላለች። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተከትለው ይሻሻላሉ።

የምታነበው ነገ የሚማሩትን ገጽ ይሁን፤ ያለፈውን አይደለም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትልቁ ለውጥ ከዚህ ይመጣል። ነገ መምህሩ ሲናገር ቃሎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምትሰማቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን የምታወጣውም ያን ቀን ይሆናል። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ትለፈው፤ መዝገበ ቃላት አትንካ። ከዚያ ደጋግሞ የመጣባትንና ትርጉሙ የጠፋባትን 5 ቃል ብቻ ታስምር። ሠላሳ ቃል ካሰመረች ነገ አንዱንም አታስታውስም። አምስቱን ትፈልግ፣ ገጹን ደግማ ታንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ አብራት ለምትኖረው ልጅ በአማርኛ ትንገራት። መናገር ካቃታት አልገባትም ማለት ነው፤ ትክፈተው። መናገር ከቻለች በራሷ እንግሊዝኛ 3 አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፋ ትተኛ። ግራመሩ ይሰበር፣ ግድ የለም። ከመጽሐፉ እንዳትገለብጥ ብቻ።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ሙሉ ገጹን በስልክ ማስተርጎም አይጠቅማትም። እንደ አስጠኚው ነው፤ ሥራውን ስልኩ ይሠራላታል። ቃል ለመፈለግ ግን ትጠቀምበት። ሌላው፣ ሰዓቱን ወደ 3 ሰዓት እንዳትለጥጡት። ቀኑን ተምራ፣ ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ የመጣች ልጅ ናት። 30 ደቂቃ በየቀኑ ከሆነ ይበቃል።

ሌላ ደግሞ ማንም ለብቻው የማያስተምራቸው ቃላት አሉ፤ የፈተና መጠየቂያ ቃላት። ዲፋይን ማለት ትርጉሙን ስጪ ነው። ሊስት ማለት ዘርዝሪ። ኤክስፕሌን ማለት ለምንና እንዴት እንደሆነ አስረጂ። ኮምፔር ማለት ሁለቱን አነጻጽሪ። ብዙ ልጅ ነገሩን እያወቀ ኮምፔር ሲባል ስለ አንዱ ብቻ ጽፎ ይወጣል፤ ከ5ቱ ነጥብ 2ቱን ብቻ ያገኛል። እንዲህ ያሉ ቃላት ከ20 አይበልጡም። በአንድ ወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋቸው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር የፈተና ወረቀቶች ከመምህሮቿ ጠይቃ ታምጣ። የጠፋባት ነጥብ ስንቱ ባለማወቅ፣ ስንቱ ጥያቄውን ባለመረዳት እንደሆነ አብራችሁ በስልክ ቁጠሩት። ብትገረሙ አይደንቀኝም።

ለዚህ ሁሉ መጽሐፉ በእጇ መኖር አለበት። ብዙ ቦታ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ የለም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በሶፍት ኮፒ ተለቅቀዋል። የባዮሎጂውንና የታሪኩን አዲስ አበባ ኮፒ ቤት አሳትመህ በመኪና ላክላት። አንድ ጥሩ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ጨምርበት። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ከሆነ በሶላር የሚሞላ መብራትም። ለአስጠኚ ካሰብከው የተረፈው ገንዘብ እዚህ ላይ ይዋል።

አንድ ነገር ግን በገንዘብ አይገዛም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። የክፍል ኃላፊ መምህሯ፣ ልጆቹ ሆም ሩም የሚሉት፣ ለዚህ ነው ያለው። ስልኩን ከእሷ ተቀብለህ ራስህ ደውል። «የእገሊት ወንድም ነኝ፤ ከገጠር የመጣች ናት፤ ፊት ወንበር ላይ ቢያስቀምጡልኝ፣ ሰኞ ከቀረች ቢደውሉልኝ» በለው። ሁለት ጥያቄ ብቻ። በጣም ጥቂት ቤተሰብ ነው እንዲህ የሚደውለው፤ የተደወለለትን ልጅ መምህር አይረሳውም። ትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት ካለው ያስመዝግባት። የሥርዓተ ፆታ ክበብም ካለ ትግባ፤ ከክበቡ ሴት መምህርት ጋር መተዋወቋ ለክፉ ቀን ይጠቅማታል።

ክፉ ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው ችግሩ የትምህርት ከሆነ ነው። ከትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ከቀረች፣ ምግብ ከተወች፣ አንተ ያልላክከው ስልክ ወይም ልብስ ከታየባት፣ ወደ ቤት መሄድ ወይም ወደ ከተማ መመለስ ከፈራች፣ ካርዱን ተወውና በሚቀጥለው መኪና ሂድ። በስልክ አትጠይቃት፤ በአካል፣ ለብቻዋ፣ ሳትቆጣ ጠይቃት። አንድ ሰው እያስቸገራት ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ጋር ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ነው የሚኬደው፤ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አከራይዋንም እወቃት። ማታ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው ወይ? እነዚህን ጠይቅ።

ለአባትህ እንዲህ በለው፦ «ልጅህ አልተበላሸችም። አንተ በማታውቀው ቋንቋ ፍርድ ቤት ቆመህ ብትከራከር ይህን ያህል ትመልስ ነበር?» እንዲህ ተብሎ ሲነገራቸው ቆም ብለው የሚያስቡ ብዙ አባቶች አጋጥመውኛል። የሚቻል ከሆነ በሥራ ቀን ገበያ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሂድና ሆም ሩሙን ያግኘው። አባቷ ግቢው በር ላይ ሲታይ ለእሷም፣ ሊያስቸግራት ለሚያስብም ሰው መልእክት ነው።

ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብህም ልንገርህ፤ በዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። በሁለተኛው ሴሚስተር ሚድ ላይ ብዙ ለውጥ ላታይ ትችላለህ። ፋይናል ላይ ባዮሎጂና ታሪክ ወደ 50ዎቹ አጋማሽ ከወጡ መንገዱ ትክክል ነው። እንግሊዝኛው ራሱ የሚስተካከለው 10ኛ ክፍል ላይ ነው። «በአንድ ወር አንደኛ አደርጋታለሁ» የሚልህ ካለ አትስማው። ግን «በጊዜው ራሷ ትለምደዋለች» የሚልህንም አትስማው። ድሮ 10ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ያልለመደ ልጅ እዚያ ይታወቅ ነበር። ያ ፈተና ከቀረ ወዲህ 9ኛ ላይ የተጀመረ ክፍተት እስከ 12ኛ ተሸፍኖ ሊሄድ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የመምህርም፣ የመጽሐፍም፣ የሰላምም ጉዳይ አለበት። እህትህ እጅ ላይ ያለው ግን ቋንቋው ነው። እሷ ደግሞ ገና 9ኛ ናት፤ 3 ዓመት ተኩል አላት።

አንተ ከዛሬ ጀምሮ እሁድ ማታ ደውልላት። «ስንት አመጣሽ?» አትበላት። «ትናንት ያነበብሽውን ገጽ ንገሪኝ» በላት፤ በአማርኛ ትንገርህ፣ አንተ ስማ። መጀመሪያ ታፍራለች። በሦስተኛው ሳምንት ሳትጠይቃት ትጀምራለች። ሰኔ ላይ ካርዱ ሲመጣ ታሪክና ባዮሎጂ ስንት እንደሆኑ እይ። ደረጃዋን ለሌላ ጊዜ ተወው።